«ፎርማት ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን

በዚህ ግቢ ውስጥ ተማሪ ከመታወቂያ ወረቀቱ ቀጥሎ ከኪሱ የማይለየው ነገር ቢኖር ፍላሽ ነው። ከቁልፍ ጋራ ታስሮ ይዞራል፤ ከሳንቲም ጋራ ይንኳኳል፤ ከማተባቸው ጋራ በአንገታቸው ያንጠለጠሉትም አልጠፉም። በውስጡ ምን እንዳለ ቢጠየቅ ባለቤቱ በትክክል አይናገርም። የአንደኛ ዓመት ኖት አለ፤ ከጓደኛ የተቀዳ ፊልም አለ፤ የእኅቱ የሠርግ ፎቶግራፍ አለ፤ ከእነዚህም ሁሉ መካከል ተሸጉጦ አማካሪው ሦስት ጊዜ መልሰውለት ለአራተኛ ጊዜ የጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። የመመረቂያው ወራት ሲቃረብ ታዲያ ይህች አውራ ጣት የምታህል ዕቃ የብዙ ዓመት ልፋት ተሸካሚ ትሆናለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ይኸው ዕቃ ከኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ፋይል ማሳየቱን ይተውና አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ሲመለስ «ይህን ዕቃ ለመጠቀም አስቀድሞ ፎርማት መደረግ አለበት፤ ይደረግ?» ማለት ነው። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ «ይደረግ»፥ ሁለተኛው «ይቅር» የሚሉ ናቸው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ስለዚህች አንዲት ጥያቄ ነው። በእኛ አስተያየት በግቢያችን ውስጥ አብዛኛውን ፋይል የሚያጠፋው ፍላሹ አይደለም፤ ቫይረሱም አይደለም። ፋይሉን የሚያጠፋው ለዚህች ጥያቄ በችኰላ የሚሰጠው መልስና ከመልሱ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «የተማሪዎች መጽሔት ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አጣችን?» ይል ይሆናል። አላጣችም። ነገር ግን ስለ ትልልቁ ጉዳይ የሚጻፈውም ሁሉ ተጽፎ የሚቀመጠው በዚሁ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ይህችም ጽሑፍ ከአዘጋጁ እጅ የደረሰችው በፍላሽ ነው። ደግሞም ነገሩን ለኮምፒዩተር ሳይንስ ጓደኞቻችን ብቻ ትተን እንዳንቀመጥ የሚያስገድደን ምክንያት አለ። እነርሱ ፕሮግራም ቢጠፋባቸው ዐስበው እንደገና ሊጽፉት ይችላሉ። ከእኛ ከአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች መካከል ግን ብዙዎች በፍላሽ ይዘው የሚዞሩት ከሽማግሌ አፍ የተቀዳ ቃል፥ ከገጠር ቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የተነሣ የብራና ፎቶግራፍ፥ ዳግመኛ የማይዘፈን ዘፈን ነው። ይህን ተቀምጦ ዐስቦ እንደገና መጻፍ አይቻልም።

እንግዲህ ፋይል «ጠፋ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ በመጀመሪያ እንይ። ፍላሽ ስሙን ያገኘው በጃፓን አገር በቶሺባ ኩባንያ ውስጥ ነው። ፉጂዮ ማሱኦካ የተባሉት መሐንዲስ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፉት የማስታወሻ ዐይነት ብዙውን ክፍሉን በአንድ ጊዜ መደምሰስ ስለሚችል፥ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ነገሩ የፎቶግራፍ መብራት ብልጭታ መሰላቸውና «ፍላሽ» የሚለውን ስም አወጡለት ይባላል። በኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ ሆኖ ለገበያ የቀረበው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ የያኔው ፍላሽ 8 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የተነሡ ሁለት ሦስት ፎቶግራፎች ይሞሉታል።

ፋይል በፍላሽ ላይ የሚቀመጥበት ሥርዐት ግን ከፍላሹ ይልቅ ያረጀ ነው። ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ፋት የሚባለው ሲሆን፥ መሠረቱ በ1977 እ.ኤ.አ. በማይክሮሶፍት ለፍሎፒ ዲስክ የተዘጋጀ ነው። አሠራሩን ለመረዳት የቤተ መጻሕፍትን የካርድ መሳቢያ ማሰብ ይበቃል። መጻሕፍቱ ያሉት በመደርደሪያ ላይ ነው፤ በመሳቢያው ውስጥ ያሉት ካርዶች የመጽሐፉን ስምና የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ይናገራሉ። ፋይልን «አጥፋ» ብለን ስናዝዝ ኮምፒዩተሩ ወደ መደርደሪያው አይሄድም። የሚያደርገው ከካርዱ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ፍቆ በምትኩ «ይህ ተሰርዟል» የሚል ምልክት ማኖርና ቦታው ነጻ መሆኑን በሠንጠረዡ ላይ መመዝገብ ነው። መጽሐፉ ካለበት አልተነቃነቀም። «ፈጣን ፎርማት» የሚባለውም ከዚህ የሚለየው መሳቢያውን በሙሉ ባዶ በማድረጉ ነው። መጻሕፍቱ አሁንም በየመደርደሪያቸው ናቸው፤ የሚጠፉት ሌላ አዲስ መጽሐፍ መጥቶ በቦታቸው ሲቀመጥ ነው። «ፈጣን» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ምልክት ተነሥቶ የሚደረገው ሙሉ ፎርማት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ይህ ዐይነቱ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ልቅሶ እንጂ ፍለጋ የለም።

ፍላሹ «ፎርማት ይደረግ?» እያለ የሚያስጠይቀንም ብዙውን ጊዜ ከመሳቢያው ብልሽት የተነሣ ነው። ፋይል እየተጻፈበት ሳለ ተነቅሏል፥ ወይም መብራት ጠፍቷል፤ ካርዶቹ በግማሽ ተጽፈው ቀርተዋል። ኮምፒዩተሩም ማንበብ ስላቃተው ባዶ መሳቢያ ልስጥህን ይላል። ስለ መጻሕፍቱ አልጠየቀም፤ ስለ መጻሕፍቱ የሚያውቀውም የለም። እኛ ግን ጥያቄውን እንደ ሐኪም ምክር እንቀበለዋለን።

አሁን የምናውቀውን አንድ ነገር እንናገር። አንዲት የክፍላችን ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ ወደ አያቷ አገር ወርዳ ሙሾ ስትቀዳ ሰነበተች። ሙሾውን የሚያወርዱላት በአገሩ የታወቁ አልቃሽ የነበሩ እናት ናቸው። ለቅሶ በሌለበት ሙሾ ማውረድ ነውር ነው ብለው በመጀመሪያ እንቢ አሏት፤ በኋላ ግን በሞቱ ልጆቻቸው ስም እየጠሩ አወረዱላት። ተማሪዋ በስልኳ 41 ጊዜ ቀዳች። ስልኩ እየሞላባት ስለ ሄደ ቅጂውን ወደ ፍላሽ እየገለበጠች ከስልኩ አነሣችው። አልቃሿ እናት በዚያው ዓመት ዐረፉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ይህች ተማሪ ሌላ ወረቀት ለማሳተም ፍላሹን ከግቢው ውጭ ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሰጠች፤ ያች ጥያቄ መጣች። የቤቱ ሠራተኛ ልጅ ከፊቱ ሰው ተሰልፎበት ነበርና ሳይጠይቃት «ይደረግ» የሚለውን ተጫነ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት 41ዱም በተገኙ ነበር። ልጁ ግን መልካም ያደረገ መስሎት ፍላሹ መሥራቱን ለማየት ከራሱ ኮምፒዩተር አንድ ፎልደር ሙሉ ዘፈን ገለበጠበት። ሠራ። «ይኸው ተሠርቶልሻል» ብሎም መለሰላት።

የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የሆነ አንድ ወዳጃችን ሁለት ሌሊት አድሮበት 29 ቅጂ መለሰላት። የተመለሱት ስም የላቸውም፤ እያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር ብቻ ይዞ መጣ። ተማሪዋም ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያዳመጠች፥ በየቀኑ የቀዳችውን ከጻፈችበት ደብተር ጋራ እያስተያየች ስማቸውን መለሰችላቸው። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ የትኛው ሙሾ ለየትኛው ልጅ እንደ ወረደ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አልነበረም። 12ቱ አልተገኙም። በእነርሱ ቦታ የተቀመጠው ልጁ የገለበጠው ዘፈን ነው፤ ከዘፈኖቹም የሚበዙት የሠርግ ነበሩ።

እኛ የጽሕፈት ቤቱን ልጅ ለመክሰስ ብዕር አላነሣንም። በቀን ስንት ፍላሽ በእጁ እንደሚያልፍ እናያለን፤ ከኋላው ቆመን «ቶሎ በልልኝ» የምንለውም እኛው ተማሪዎች ነን። ደግሞ ማን አስተማረው? እንኳን እሱ፥ በዚህ ግቢ ውስጥ የኮምፒዩተር መግቢያ ትምህርት ወስዶ ያለፈ ተማሪ ሁሉ የአታሚውን፥ የአይጡንና የሰሌዳውን ስም በፈተና ላይ ዘርዝሮ ይወጣል እንጂ፥ ፋይል ሲሰረዝ የት እንደሚሄድ የተነገረው ስንቱ ነው? ከዚህ ይልቅ ይህ በተነገረ ይሻል ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው። «ይቅር» ብሎ፥ ፍላሹን ነቅሎ፥ ለብቻው ማስቀመጥ። ሰው ሲደነግጥ እጁ ይፈጥናል፤ አንዱን ኮምፒዩተር ትቶ ሌላው ላይ ይሰካል፤ አምስት ወዳጅ አምስት ዐይነት ምክር ይሰጠዋል፤ በእያንዳንዱም ምክር በፍላሹ ላይ አንድ ነገር ይጻፍበታል። የፍለጋውን ፕሮግራም ራሱን በተበላሸው ፍላሽ ላይ የሚጭኑ አሉ። የተገኘውን ፋይል መልሰው እዚያው ፍላሽ ላይ የሚያስቀምጡም አሉ፤ ይህ ማለት አንዱን መጽሐፍ ከእሳት አውጥቶ በሌላው ላይ ነበልባል እንደ መጨመር ነው። «ቼክ ዲስክ» የተባለው የዊንዶውስ መርማሪም ጠቃሚ ቢሆን እንኳ የሚመረምረውን ዕቃ ራሱን እያረመ ይሄዳል፤ ያልገባውን ቁራጭም ስሙን ለውጦ በቁጥር ይሰይመዋል። ስለዚህ ተራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ግልባጭ ማንሣት ነው። ይኸውም ፋይል ፋይሉን መቅዳት ሳይሆን ፍላሹን በሙሉ፥ ባዶ የሚመስለውንም ቦታ ጨምሮ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ በሌላ ዲስክ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የተባሉ ሰው የጻፉት ዲዲሬስኪዩ የሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ የተለየ ጠባይ አለው፤ ለማንበብ የሚያስቸግረውን ቦታ ዘሎ አስቀድሞ ደኅናውን ይሰበስባል፤ ከዚያ ወደ አስቸጋሪው እየተመለሰ ይሞክራል። እየሞተ ያለ ፍላሽ ለመነበብ የቀረው ዕድሜ አጭር ሊሆን ስለሚችል ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። ግልባጩ ከተነሣ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ነው። ብንሳሳት ሌላ ግልባጭ እናነሣለን፤ ፍላሹ አልተነካም።

ሦስተኛው ፍለጋው ነው፤ ለእኛ ለአርት ተማሪዎችም ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው። ክሪስቶፍ ግሬኒየር የተባሉት ፈረንሳዊ ሁለት ፕሮግራሞች ጽፈው ለዓለም በነጻ ሰጥተዋል። አንዱ ቴስትዲስክ ነው። ፋት 32 የተባለው ሥርዐት ሠንጠረዡን በሁለት ቅጂ፥ የመነሻ ገጹንም ከነመጠባበቂያው ስለሚያስቀምጥ፥ ቴስትዲስክ የተበላሸውን በደኅናው ለመተካት ይሞክራል። ይህ ከተሳካ ፋይሎቹ ከነስማቸውና ከነፎልደራቸው ይመለሳሉ፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። ሁለተኛው ፎቶሬክ ይባላል። ስሙ የፎቶግራፍ ይምሰል እንጂ የሚፈልገው ብዙ ዐይነት ፋይል ነው። ይህኛው መሳቢያውን ከነጭራሹ ትቶ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል።

ስምና ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ግን እንዴት ያውቀዋል? ሽፋኑና የመጀመሪያ ቅጠሉ የወደቀ ብራና ሲያገኝ የመጻሕፍት መርማሪ እንደሚያደርገው ነው፤ በመክፈቻው ቃል። ፒዲኤፍ የሆነ ፋይል ሁሉ ከመቶኛ ምልክት ቀጥሎ ፒ፥ ዲ፥ ኤፍ በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው የዎርድ ጽሑፍ የሚጀምረው ፒ እና ኬ በሚሉት ሁለት ፊደላት ነው። እነዚህ ፊደላት ፊል ካትዝ የተባለ አሜሪካዊ የስሙ መነሻዎች ናቸው፤ ዚፕ የተባለውን የፋይል ማሸጊያ ያወጣው እርሱ ሲሆን፥ የዎርድ ጽሑፍም በውስጡ ሲታይ ያው የዚፕ እሽግ ነው። ካትዝ በ2000 እ.ኤ.አ. ሞቷል። በየቀኑ የምንጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ግንባሩ ላይ የእርሱን ስም መነሻ ይዞ ይዞራል፤ ይህን ስናውቅ ተገርመናል።

ፎቶሬክ የማይችለውም አለ። ስም አይመልስም፤ ካርዱን አላየምና። ፋይሉ በአንድ ረድፍ ያልተቀመጠ፥ በየመደርደሪያው ተበጣጥሶ የተሠራጨ ከሆነም ቁራጩን ብቻ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ የተነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ተገልብጦ የተቀመጠ የድምፅ ቅጂ በቀላሉ ሲገኝ፥ ሞልቶ በተጨናነቀ ፍላሽ ላይ መቶ ጊዜ የታረመ ጽሑፍ ያስቸግራል። ሆኖም ዎርድ ባስቀመጥን ቁጥር አዲስ ፋይል ጽፎ አሮጌውን ስለሚሰርዝ፥ የመጨረሻው ባይገኝ የትናንቱ ወይም የባለፈው ሳምንቱ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። ዲፌንሱ ሦስት ቀን ለቀረው ተማሪ የባለፈው ሳምንት ጽሑፍ መገኘት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም።

በግቢያችን «ሾርትከት ሆነብኝ» ስለሚባለው በሽታ ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር፤ ይህ ስንቱን ፍላሽ በከንቱ ያስፈረደበት ነውና። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይሰውራል፤ በየስማቸውም አንዳንድ ሾርትከት ያቆማል። ባለቤቱ ያንን ሲጫን ቫይረሱ ወደዚያ ኮምፒዩተር ይሻገራል። ፋይሎቹ ግን አልጠፉም፥ አልተበላሹምም፤ ምልክቱም ፍላሹ ባዶ መስሎ የተያዘው ቦታ ልክ ግን እንደ ቀድሞው መታየቱ ነው። በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካ ወዲያው ይታያሉ። በዊንዶውስም ቢሆን በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት አትሪብ የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ፥ ኤች፥ አር እና ኤስ የሚሉትን ፊደላት በየፊታቸው የመቀነስ ምልክት አድርጎ ማዘዝ መሰወሪያውን ይገፍፈዋል። ከዚያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ማውጣት፥ ፍላሹንና ኮምፒዩተሩንም በጸረ ቫይረስ ማጽዳት ይቀራል። ለዚህ ፎርማት ማድረግ ራስ ምታት ያለበትን ሰው አንገቱን እንደ መቁረጥ ነው።

ሁሉ ነገር ይድናል ብለን ግን አናታልልም። ሲሰካ ጨርሶ የማይታወቅ፥ የሚግል፥ ወይም መጠኑን ዜሮ ብሎ የሚናገር ፍላሽ ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ክፍል ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ፕሮግራም አይረዳም፥ የሚያስፈልገው በብየዳ መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያ ነው። በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ፍላሽ ቁልፉ ከጠፋ ጠፋ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሐሰተኛው ፍላሽ ነው። በላዩ 1 ቴራባይት ተብሎ ተጽፎ በመንገድ ዳር በርካሽ ይሸጣል፤ በውስጡ ያለው የዚያ ትንሽ ክፍልፋይ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ክፍል ለኮምፒዩተሩ እንዲዋሽ ስለ ተደረገ መገልበጡ ያለ ስሕተት ያልቃል፤ ስሙም ይታያል፤ ከእውነተኛው መጠን ያለፈው ፋይል ግን አንድም ቀን አልተጻፈም። ያልተጻፈን ማን ያወጣዋል? ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል የዊንዶውስ፥ ኤፍ ስሪ የሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም ይህን ውሸት ያጋልጣሉ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። አዲስ ፍላሽ የገዛ ሰው ምንም ሳያስቀምጥበት በእነዚህ ቢፈትነው ነገሩን ከመጀመሪያው ያውቀዋል።

ከማሽኑ ፍለጋ ጋራ የሰው ፍለጋም አለ፤ ብዙ ጊዜም ይህኛው ይቀድማል። ለመጨረሻ ጊዜ ያሳተምንበት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፋችን ተገልብጦ ቀርቶ ይሆናል፤ እነዚያ ኮምፒዩተሮች ላይ የስንት ዓመት ተመራቂ ጽሑፍ ተከማችቶ እንደሚገኝ ያየ ያውቃል። ለአማካሪያችን በኢሜይል ልከን ይሆናል። ለጓደኛ በቴሌግራም «አንብብልኝ» ብለን ልከን ረስተነው ይሆናል። በድንጋጤ ሰዓት ይህ አይታሰብም።

የዚህ ሁሉ ነገር ሌላ ፊትም አለው። የተሰረዘ ፋይል የሚገኝ ከሆነ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ፍላሹ ለገባበት እጅ ሁሉ ይገኛል። ሰርዣለሁ ብሎ ፍላሹን ለሰው የሚያውስ ወይም የሚሸጥ ወንድም፥ የግል ፎቶግራፏን አጥፍቻለሁ ብላ ለጽሕፈት ቤት የምትሰጥ እኅት ይህን ያስቡበት።

«በኢንተርኔት ላይ ቢቀመጥስ? ፍላሽ የሚባል ነገር ለምን አስፈለገ?» የሚሉን ወዳጆች አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ቴሌግራም ብቻ እንኳ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ለራስ ልኮ ማስቀመጥ ያስችላል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ማታ ማታ ጽሑፉን ለራሱ የማይልክ ተማሪ ምክንያት የለውም። ነገር ግን 41 ረጃጅም የድምፅ ቅጂ ወይም የአንድ ብራና 200 ፎቶግራፍ ከገጠር ከተማ በስልክ ዳታ መላክ ሌላ ነገር ነው፤ ዳታው ገንዘብ ነው፤ መረቡም ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ፍላሽ ገና ከእኛ ጋራ ይኖራል። ጥያቄው ለብቻው ይኑር ወይስ ጓደኛ ይኑረው የሚለው ነው።

በዚህ ነገር የአገራችን የጥናት ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የሚነሡበት ትልቅ ሥራ ተሠርቶ ነበር። መርማሪዎች በጥቅስ ላይ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ብለው ከነቁጥራቸው የሚጠሯቸው እነዚያ ናቸው። በዚያ ሥራ ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት የተነሡ ሲሆን፥ ፊልሙ በአዲስ አበባ ብቻ አልተቀመጠም፤ ሌላው ቅጂ በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ ግዛት በኮሌጅቪል ከተማ በሴንት ጆንስ ዩኒቨርስቲ ባለው በሂል ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ አብዮትም፥ ጦርነትም አይታለች። ከመጽሐፉ አጠገብ ቆሞ ፊልም ያነሣ ሰው ያንን ሁሉ አስቀድሞ አላየም፤ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ መኖር እንዳለበት ግን ያውቅ ነበር። ማይክሮፊልም ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ከተደረገ፥ መገልበጥ ሁለት ደቂቃ በሚፈጅበት በእኛ ዘመን የአንዲት አልቃሽ እናት ድምፅ በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ መኖሩ ምን ያሰኛል?

ከማኅበራችን የምንጠይቀው እንግዲህ ቀላል ነው። አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር፥ ሊኑክስ የተጫነበት፤ አንድ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ፤ አንድ ጠረጴዛና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን። የጠቀስናቸው ፕሮግራሞች ዋጋ የላቸውም። የማኅበሩ ጸሐፊዎች ሥራ በዝቶባቸዋል ቢባል፥ በሳምንት ሁለት ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ ተቀምጠው ለመሥራት ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች አነጋግረናል። ሦስቱም አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፤ ፍላሹ ወደ እነርሱ ከመምጣቱ በፊት በሌላ ሰው እጅ እንዳይታከም። እኛም በበኩላችን የምንለምነው አለ፤ የሰው ፍላሽ የሰው ቤት ነውና፥ ባለቤቱ በሌለበት እንዳይከፈት፥ የተገኘው ለባለቤቱ እንደ ተሰጠ ግልባጩ በፊቱ እንዲደመሰስ ደንብ ይጻፍ።

የትምህርት ክፍሎችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያስረክብ ተማሪው ለጽሑፉ መነሻ የሆኑትን ቅጂዎችና ፎቶግራፎች አብሮ እንዲያስረክብ፥ ክፍሉም በራሱ ዲስክ ላይ እንዲያኖራቸው ይደረግ። አሁን የሚቀረው ተጠርዞ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ወረቀት ብቻ ነው፤ ድምፁ ከተመራቂው ጋራ በኪስ ወጥቶ ይሄዳል።

ጥያቄያችንን በጽሑፍ ለማኅበሩ ምክር ቤት አስገብተናል፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባም እንዲነሣ አስመዝግበናል። የተበላሸ ፍላሽ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች እስከዚያው ድረስ ፎርማት ሳታደርጉ በፖስታ ውስጥ አስቀምጡት፤ በፖስታውም ላይ ምን እንደ ነበረበት፥ ከተበላሸ በኋላ በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ እንደ ተሰካና ምን እንደ ተደረገበት ጻፉበት። የተሰረዘው ስም ሲጠፋ ፈላጊው የሚይዘው ይህንኑ ነው።